«ጠበቃው» የተባለው ፊልምና የሮህ ሙ ህዮን ግማሽ ሕይወት

በደቡብ ኮሪያ በ2013 ለሕዝብ የታየው «ጠበቃው» የተባለ ፊልም በአገሩ ከ11 ሚሊዮን የሚበልጥ ተመልካች አግኝቷል (በዚህ ሐተታ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለአዘጋጁ ለያንግ ዉ ሶክ የመጀመሪያ ሥራው ነው። መሠረቱ ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት የሮህ ሙ ህዮን ታሪክ ሲሆን፥ አዘጋጁ የባለታሪኩን ስም ለውጦ ሶንግ ዉ ሶክ ብሎታል። የስም መለወጥ ለደራሲ ነጻነት ይሰጣል። ነገር ግን የአገሩ ተመልካች ስለ ማን እንደሚነገር ስለሚያውቅ፥ ፊልሙን ከእውነተኛው ሕይወት ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ለሰው መብት ሲሟገት የነበረ ጠበቃ ተቃዋሚ ፖለቲከኛ የሆነበትን ሕይወት ፊልሙ እንዴት አድርጎ አቀረበው?

ሮህ በ1946 ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ከንግድ ትምህርት ቤት ወጥተው ሕግን በግላቸው አጥንተው በ1975 ፈተናውን አለፉ። ጥቂት ጊዜ በዳኝነት ከሠሩ በኋላ በ1978 በወደብ ከተማይቱ በቡሳን የጥብቅና ሥራ ጀመሩ፤ በግብር ጉዳይም መልካም ገቢ ያገኙ ነበር። በ1981 የቹን ዱ ህዋን ወታደራዊ መንግሥት፥ እየተሰበሰቡ መጻሕፍት ያነቡ የነበሩ 22 ሰዎችን በቡሳን ይዞ በብሔራዊ ጸጥታ ሕግ ከሰሰ። ከተከሳሾቹ ተማሪዎች፥ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩባቸው። ሮህ ከጠበቆቹ አንዱ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀድሞው ኑሮአቸው አልተመለሱም።

የፊልሙ ትልቅ ብልሃት ለዚህ ለውጥ ያገኘለት ምክንያት ነው። ባለታሪኩ ድኻ ሳለ ከአንዲት ሾርባና ሩዝ ሻጭ ቤት በልቶ ሳይከፍል ያመልጣል። ከበለጸገ በኋላ ሊከፍል ሲመለስ ሴትዮዋ ገንዘቡን አትቀበልም፤ ዕዳውን እየመጣ በመጠየቅ እንዲከፍል ትነግረዋለች። ኋላ ልጅዋ ሲታሰር ጠበቃውን የሚያነሣው የፖለቲካ ትምህርት አይደለም፤ የበላበትን ወጭት ሰባሪ ላለመሆን ነው። ተመልካቹም ስለ መብት ስብከት ሳይሰማ፥ መብት ማለት በመጀመሪያ የአንዲት እናት ልጅ ገላ መሆኑን ያያል። ተዋናዩ ሶንግ ካንግ ሆ ይህን ገንዘብ ወዳድና ተጫዋች ሰው ወደ ቍጣ የሚያመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ድንገት ቅዱስ አያደርገውም።

የችሎቱም ክፍል ለተማሪ አንባቢ ብዙ ቁም ነገር አለው። ለክሱ ማስረጃ ከሚቀርቡት መጻሕፍት አንዱ የእንግሊዛዊው ኢ. ኤች. ካር «ታሪክ ምንድን ነው?» የተባለው ነው። ጠበቃው ደራሲው ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ ለማስረዳት ከእንግሊዝ ኤምባሲ ቃል አስመጥቶ ያነባል። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ሳቁ መራራ ነው፤ አንድ መንግሥት መጽሐፍን በወንጀል መሣሪያነት ሲቈጥር ምን ያህል እንደ ፈራ ያሳያልና። ስቃዩን በዐይኑ ያየ አንድ የጦር ሠራዊት ሐኪም በድፍረት ሲመሰክር ደግሞ፥ ሐኪሙ ከጦሩ የከዳ ነው ተብሎ ምስክርነቱ ይጣላል። እውነት ተነግሮ ሳለ ሥርዐቱ እንዴት እንዳልተነገረ እንደሚያደርገው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ሁለት ጕድለቶች ይታያሉ። አንደኛው፥ ክፋቱ ሁሉ በአንድ ጨካኝ የፖሊስ ሹም ላይ መከመሩ ነው። ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው በእርሱ ጥላ ይደበዝዛሉ፤ በ1948 የወጣው የጸጥታ ሕግ ራሱ ግን እምብዛም አይመረመርም። ክፉው ሰው ቢሻር ሕጉ እንደ ቆመ ይቀራል። በእውነተኛው ታሪክ፥ ፍርዱ እንደገና እንዲታይላቸው የጠየቁ አምስት ተከሳሾች በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻ የተባሉት በ2014 ነው፤ ይኸውም ከ33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ዘመን ያቈየውን ነገር በአንድ መርማሪ ጭካኔ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ሁለተኛውና ከባዱ ጕድለት የፊልሙ ማብቂያ ነው። በመጨረሻ ባለታሪኩ በ1987 ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ፥ በቡሳን ካሉት 142 ጠበቆች 99ኙ ስለ እርሱ ይቆማሉ፤ ስማቸው ሲጠራ ፊልሙ ያበቃል። ትርኢቱ ልብ ይነካል። ነገር ግን የሮህ የፖለቲካ ሕይወት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1988 በኪም ዮንግ ሳም ፓርቲ ለምክር ቤት ተመረጡ። በ1990 ኪም ፓርቲያቸውን ከገዥው ፓርቲ ጋር ሲያዋሕዱ ሮህ አልከተልም አሉ፤ ዋጋውንም ከፈሉ። በ1992 በቡሳን ተሸነፉ፤ በ1995 ለከንቲባነት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1998 በሴኡል ወንበር ካገኙ በኋላ፥ የጎጥ ምርጫን ለመቃወም ሲሉ በ2000 ያንን ትተው ወደ ቡሳን ተመለሱ፤ አሁንም ተሸነፉ። ደጋፊዎቻቸው በፍቅር «ጅሉ ሮህ» ያሏቸው በዚህ ነው። በ2003 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2004 ምክር ቤቱ ከሥልጣን ሊያወርዳቸው ወስኖ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት መለሳቸው። ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ በ2009፥ የጉቦ ምርመራ ሲደረግባቸው ሳለ፥ የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ።

አንድ ፊልም ይህን ሁሉ መያዝ አይችልም የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው፤ ችሎት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፥ ለትርኢትም ይመቻል። የተቃዋሚ ፖለቲከኛ ሕይወት ግን ተደጋጋሚ ሽንፈት፥ ድርድርና ጥርጣሬ ነው። እኛም ሁሉ ነገር ይጨመር አንልም። የምንለው፥ ምርጫው ራሱ ትርጓሜ ነው። ጠበቃው በችሎት ሲሸነፍ እንኳ እውነቱን ተናግሯልና በተመልካቹ ዘንድ አሸናፊ ነው። ፖለቲከኛው ግን እውነቱን ተናግሮ ድምፅ ያጣል፤ ሥልጣን ሲይዝም እርሱ ራሱ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ተጠያቂ ይሆናል። ፊልሙ የሚወደደውን ግማሽ ወስዶ የሚያከራክረውን ግማሽ ትቶታል።

ይህን ማለታችን ፊልሙን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። ዳሩ ግን ሕግ የሚያጠና ወጣት ከእርሱ አንድ የድፍረት ንግግር ፍትሕን ያስገኛል የሚል ትምህርት ብቻ ይዞ እንዳይወጣ ያሰጋል። የዚያ ችሎት ንግግር ተከሳሾቹን ከእስር አላዳነም። ሮህም ወደ ምርጫ የገቡት፥ ችሎት ብቻውን የማይፈታው ነገር መኖሩን ስላዩ ይመስለናል። ያንን ሁለተኛ ሕይወት፥ ከነሽንፈቱና ከነነቀፌታው፥ በዚሁ ጥበብ የሚያሳይ ሥራ ቢገኝ የጠበቃውም ታሪክ ያን ጊዜ ይሟላል።