የተደበቀ፣ ስውር ወይስ ከዝርዝር የቀረ? የፋይል ታይነትና የአማርኛ ስያሜው

በዩኒክስና በሊኑክስ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል በተለመደው ዝርዝር አይወጣም፤ በዊንዶውስ ግን ይህን የሚወስነው በፋይሉ ላይ የሚደረግ ምልክት ነው። በሁለቱም ፋይሉ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ አይቆለፍምም። «የተደበቀ ፋይል» የሚለው ትርጉም ይህን እውነታ ያደበዝዛል። ባዕድ መነሻው «ተ-» ተገብሮንም ወደ አድራጊው የሚመለስ ድርጊትንም ስለሚያመለክት፣ «ተደበቀ» ሲባል ወይ ሌላ ሰው ደብቆታል ወይ ራሱ ተሸሽጓል ማለት ነው፤ ሁለቱም ሆን ብሎ ከፈላጊ መራቅን ይጠቁማሉ። «ስውር» የተሻለ ቢመስልም «ስውር ዓላማ» ከሚለው የሤራ ድምፀት አይላቀቅም፤ «ዓይነ ስውር» በሚለው ደግሞ ስውርነቱ የሚታየው ነገር ሳይሆን የሚያየው ዓይን ነው።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። «የተደበቀ»ን «የተጠበቀ» አድርጎ የተረዳ ተጠቃሚ የግል ሰነዱን ያለ ይለፍ ቃል ይተወዋል፤ ኮምፒውተሩን የሚጋራው ሰው ግን አንድ ምርጫ ለውጦ ሊያየው ይችላል። «ያልተዘረዘረ» የሚለው አማራጭም «በዝርዝር ያልተገለጸ» ከሚለው ፍቺ ጋር ይምታታል። «ከዝርዝር የቀረ» ረዘም ቢልም ለውጡ የሚታየው በዝርዝሩ እንጂ በፋይሉ ደኅንነት እንዳልሆነ በትክክል ይናገራል።