ከማይክሮስኮፑ በፊት

የሰገራ ምርመራ ማዘዣ ላይ ስም፣ ዕድሜና ፆታ ይሞላል፤ የሥራ ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። በእኛ በላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዘንድ ይህ እንደ ቀላል ነገር መታለፍ የለበትም እላለሁ፤ ከከብት ጋር የሚውል ሰው ሰገራ ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለብን የሚነግረን ሥራው ነውና። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ተውሳክ እንውሰድ። አንድ ወር ያልሞላው ጥጃ በእሱ ተይዞ ሲያስቀምጠው፣ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ኦኦሲስት የሚባሉ ቅንጣቶችን በብዛት ያወጣል፤ ጥቂቶቹ ብቻ ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ። በቢሾፍቱም ሆነ በሆለታ የወተት እርባታዎች ጥጃ ወተት የሚያጠጣውና በረት የሚጠርገው ሠራተኛ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ቅንጣቱ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ በሳላይን ስላይድ ላይ እርሾ መስሎ ያልፋል። የሳንባ ነቀርሳ አክታ በሚቀለምበት በካርቦል ፉክሲን ቀልሞ፣ በደከመ አሲድ ታጥቦ፣ በሜቲሊን ብሉ ሲደገም ግን በሰማያዊው ላይ ቀይ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ደምቆ፣ አንዳንዱ ፈዞ። ሳያቀልም «ተውሳክ አልታየም» ብሎ የጻፈ ባለሙያ አልዋሸም፤ ታማሚው ግን ነጻ ነኝ ብሎ ይሄዳል።

ሥራን መጠየቅ በሌለ በሽታ ከመታከምም ያድናል። ሥጋ ቤት የሚሠራ ሰው ትል ያለበት ጉበት ከበላ፣ የጉበት ትል ዕንቁላል በሆዱ አልፎ በሰገራው ይታያል፤ እሱ ግን አልታመመም። ጉበት ትቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ምርመራውን መድገም ነው።

የእርባታ ሠራተኛም ቢሆን በአብዛኛው የሚይዘው እንደማንኛውም ሰው ከአፈርና ከውሃ የሚመጣው ወስፋትና ጃርዲያ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ የኮሶ ትልም ቢሆን ከጥሬ ሥጋ እንጂ ከብት በመንካት አይመጣም፤ እንዲያውም ግጦሹን የሚበክለው የሰው ሰገራ ነው። ስለዚህ የተለመደው ምርመራ ይቀጥል፤ ማቅለሙ ከጥጃ ጋር ለሚውልና ተቅማጥ ለያዘው ይጨመርለት።

ጤነኛ ሰው በራሱ ጊዜ ለሚድንበት በሽታ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል። ውጤቱን ያወቀ ሐኪም አሜባ ነው ብሎ የማይሠራለትን ሜትሮኒዳዞል አያዝም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበትና መከላከያው የተዳከመ ሠራተኛ ደግሞ ተቅማጡ ለወራት ሊቆይበት ስለሚችል፣ ከታመሙ ጥጆች እንዲርቅ ዛሬውኑ ሊነገረው ይገባል። በረኪና ይህን ተውሳክ በቀላሉ አይገድለውም፤ እጅን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥርቶ መታጠብን የሚተካ የለም።