ቀጭ ሲል ይለያል

ለገና ቤት ውስጥ የተሠራ የሰሊጥ ከረሜላ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ አልቀምሰውም፤ እሰብረዋለሁ። ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ድስቱ ከእሳት የወረደው በሰዓቱ ነው። ከተለመጠ ተቸኩሎበታል። በጣፋጭነቱ ማንንም ማመስገን አይቻልም፤ ስኳር የገባበት ሁሉ ይጣፍጣልና። የሠሪዎቹ እጅ የሚታየው ስኳሩ ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደቀረና ሰሊጡ እንዴት እንደተቆላ ሲታይ ነው።

ከተሰበረ በኋላ ስብራቱን ወደ ብርሃን ይያዙት። በሰሊጡ መካከል ያለው ስኳር እንደ መስታወት ጥርት ማለት አለበት። ከደበዘዘና ሲያኝኩት አሸዋ አሸዋ ካለ፣ ስኳሩ ከቀለጠ በኋላ መልሶ ፍሬ ሠርቷል ማለት ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ በድስቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቀረ አንድ የስኳር ፍሬ ወደ ፈላው ሲወርድ ሌላውን ሁሉ ያስከትላል። ባለሙያ ሠሪ ግድግዳውን በእርጥብ ብሩሽ ይጠርጋል፤ ፈላ ካለ በኋላ አያማስልም፤ ጥቂት የሎሚ ጭማቂም ጠብ ያደርግበታል። ሎሚው የስኳሩን ከፊል ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚለውጠው ፍሬ መሥራት ያቅተዋል።

በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ። ፍሬው ወፍራምና ቢጫ በሆነ ስኳር ሲሠራ ፈሳሹ ገና ከጅምሩ ማር ይመስላል፤ ሠሪው ደረሰ ብሎ ያለጊዜው ሊያወርደው ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሌላ አገር የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ደረቅ ከረሜላ በ150 ዲግሪ ይውረድ ሲል፣ እዚህ 8 ዲግሪ ያህል መቀነስ ይገባል፤ በ142 ገደማ ደርሷል። ይህን ሳያውቁ ቴርሞሜትሩን አምነው እስከ 150 የሚጠብቁ ሰዎች ከረሜላቸው ይጠቁርባቸዋል፤ ጫፉ ላይም ምሬት ይተዋል። በንጹሕ ወጥ ቤት፣ በጥሩ ዕቃ የተሠራ ከረሜላ ሲመረኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። የቀዝቃዛ ውኃው ሙከራ ግን ደጋ ቆላ አይልም፦ ከፈላው ስኳር ጠብታ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ወጥቶ ሲታጠፍ ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ከተሳበ ይቀረዋል። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ እኔ የማምነው ይህንን ነው።

ስኳሩ ከአፍ ከጠፋ በኋላ መቅረት ያለበት የሰሊጥ ጣዕም ነው። የሁመራ ሰሊጥ በንጣቱና በመዓዛው ስመ ጥር ነው፤ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የምመርጠው የለኝም። ለብቻው በለሰለሰ እሳት ተቆልቶ፣ መንጣጣት ሲጀምርና መዓዛው ቤቱን ሲሞላ መውረድ አለበት። ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ብዙ የቆየው ይከረፋል፤ ያንን ሽታ ስኳር አይሸፍነውም። መጠኑም ይታይ፦ በስኒ ሲለካ ሰሊጡ ከስኳሩ ካነሰ እኔ ስስት እለዋለሁ። ጥርስ ላይ ጠጠር ከመጣ ግን ፍርዴ ይከብዳል። ሰሊጥ መልቀም ልጆችና አያቶች አንድ ትሪ ከበው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ጠጠር የተገኘበት ቤት ያንን ሰዓት ዘሎታል።

የቅርጹን መዛነፍ ግን አልቆጥርም። ሰሊጥ የገባበት ስኳር ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ለመዳመጥና ለመቁረጥ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲያፈስ ሌላው ይዳምጣል፣ ሦስተኛው ይቆርጣል። በብዙ እጅ የተቆረጠ ከረሜላ እኩል አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ውፍረቱ ግን ከግማሽ ሴንቲሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። ልጆች ከማፍሰሱ ይራቁ፤ የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውኃ እጅግ የሚሞቅና ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ነው። መጠቅለሉን ለእነርሱ ይተዉላቸው።

ቅቤ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ገና ሳይገባ የነቢያት ጾም አለ፤ ከረሜላው በስኳር፣ በሰሊጥና በዘይት ብቻ ከተሠራ የሚጾመውም ሰው በሥራው መሐል ቀምሶ ማረም ይችላል። ቅቤው ይህን ነጥቆ በምትኩ የሚሰጠው ልስላሴ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ስባሪ ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ቀናት ናቸው። ስኳር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ከረሜላው እንደበረደ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ መግባት አለበት። በትክክል የተሠራ ከሆነ ከገና እስከ ጥምቀት ያሉትን 12 ቀናት ሳይጣበቅ ይቆያል። ቀድሞ ከለሰለሰ ወይ ክዳኑ አልገጠመም፣ ወይ እሳቱ አንሶታል።