ስሕተትን የመመርመር ጥበብ፦ ስለ አሌክሳንደር ሉሪያ የምርምር ሥራ አጭር ሒስ

አንጎል ከሰው ጠባይና አስተሳሰብ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያጠናው ኒውሮሳይኮሎጂ መሠረት እንዲይዝ ካደረጉት ሊቃውንት አንዱ የሶቪየቱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ሉሪያ (ከ1902 እስከ 1977 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ሥራቸው ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለመምህርም የሚበጅ ስለሆነ፣ ብርታቱንም ጉድለቱንም መመዘን ተገቢ ነው።

ሉሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ይረዱ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ1943 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትቶ ማንበብና መጻፍ ጠፋበት። ፊደሉን አንድ በአንድ እያስታወሰ ለመጻፍ ቢታገል አልሆነለትም፤ እጁን ከወረቀቱ ሳያነሣ ባንድ ጊዜ እንዲጽፍ በተነገረው ጊዜ ግን ቃሉን ጻፈው። የጻፈውን መልሶ ማንበብ እጅግ ቢያስቸግረውም፣ ከ20 ዓመት በላይ ደክሞ 3000 ገጽ ያህል ስለ ሕይወቱ ጻፈ። ሉሪያም ከዚሁ ጽሑፍ መርጠው፣ ማብራሪያ አክለው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት።

ከዚህ እንደምንረዳው መጻፍ በአንጎል ውስጥ በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ችሎታ አይደለም፤ ብዙ ክፍሎች ተባብረው የሚፈጽሙት ሥራ ነው። ስለሆነም አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላው መድረስ ይቻል ይሆናል። የሉሪያ ዋና ጥያቄ «ስንት አገኘ?» ሳይሆን «የቱ ላይ፣ እንዴትስ ተሰናከለ?» የሚል ነበር።

ነገር ግን ይኸው ጥንቃቄ በ1931 እና በ1932 እ.ኤ.አ. በኡዝቤኪስታን ባካሄዱትና በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ላይ ሳስቶ ይታያል። በበረዷማው ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ መሆኑን ከነገሯቸው በኋላ፣ በዚያው ክፍል በሚገኝ አንድ ስፍራ ያለው ድብ ምን ዓይነት መልክ እንዳለው ያልተማሩ ገበሬዎችን ጠየቁ። ብዙዎቹም ያላየነውን አናውቅም ሲሉ መለሱ። ሉሪያ ይህን መልስ ከተነገረ ቃል ብቻ ተነሥቶ የማመዛዘን ልማድ አለመኖሩን የሚያሳይ አድርገው ተረጐሙት። ጥቂት የተማሩት በቀላሉ መመለሳቸውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያላየሁትን አልመሰክርም የሚል ሰው የማመዛዘኛ ሕግ ጐድሎት አይደለም፤ የያዘው የምስክርነትን ሕግ ነው። የትምህርት ቤት ጥያቄ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያንን ሥርዓት አለመልመድም ከማሰብ ጉድለት ጋር አንድ አይደለም። ለወታደሩ የተቸረው ትዕግሥት ለገበሬው ተነፍጎታል ለማለት ይቻላል።

እኛም የፈተና ወረቀት ስናርም በዚሁ ጉድለት እንወድቃለን። የኤክስ ምልክት ተማሪው መሳሳቱን ይነግረናል፤ በምን መንገድ ወደዚያ መልስ እንደ ደረሰ ግን አይነግረንም። ስለዚህ መምህሩ ነጥቡን ከመመዝገቡ አስቀድሞ ተማሪውን ሊጠይቅ፣ ዐቅድ አውጪውም ለዚህ የሚሆን ጊዜ በክፍለ ጊዜው ድልድል ውስጥ ሊያስገባ ይገባል።