አካፋም ወንፊትም

ዲቴክተሩ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ገና ምንም አላገኘሁም። ድምፁ የሚነግረኝ ከእግሬ ሥር ብረት መኖሩን ብቻ ነው፤ ብረቱን እጄ ላይ የሚያደርሰው ሌላ ዕቃ ነው። ሜሪላንድ፣ ኦሽን ሲቲ፣ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አንዱ ሞገድ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ባገኝ 7 ወይም 8 ሰከንድ ነው። በዚያች ፋታ አሸዋውን ዝቄ ካላወጣሁ ባሕሩ ጉድጓዱን መልሶ ይደፍነዋል። የምዝቅበት ዕቃ በዲቴክተር በምንፈልግ ሰዎች መካከል ስኩፕ ይባላል፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ጎኑና ጀርባው በቀዳዳ የተሞላ የብረት ቅርጫት። ከፊቱ አካፋ፣ ከኋላው ወንፊት ነው። ሁለቱንም ሥራ እኩል የሚሠራ ስኩፕ አላየሁም፤ ምርጫውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ጀማሪ ሁሉ ገንዘቡን ዲቴክተሩ ላይ ያፈሳል። ትክክልም ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ ዲቴክተር እርጥብ አሸዋ ላይ ሲደርስ ጨዉን ራሱን እንደ ብረት ይቆጥርና ዝም አልል ይላል። ስለዚህ ባሕር የሚገባ ሰው በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራውን ወይም ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለውን ዓይነት መግዛት አለበት፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በተረፈችው ፍራንክ የተገኘውን ስኩፕ ገዝቶ መሄድ።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የመጀመሪያው ስኩፔ ቀላልና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ሻጩም ለባሕር የተሠራ ነው ብሎኛል። አንድ ሰመር ሳይሞላው ብየዳው ላይ ቡናማ መስመር አወጣ። በጨርቅ እየወለወልኩ ተጠቀምኩበት። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ሰው ከባሕሩ ከጠፋ በኋላ፣ ወገቤ ሊደርስ በቀረበ ውሃ ውስጥ ለስላሳ፣ ክብ፣ የማይቆራረጥ ድምፅ ሰማሁ። ቆርኪ እንዲህ አይጮህም፤ ቆርኪ ይንኮሻኮሻል። ስኩፑን ከተረከዜ ኋላ ተከልኩና ረገጥኩት። በሁለተኛው እርግጫ ቅርጫቱ ከእጀታው ላይ ዞረ፣ ብየዳው ተሰነጠቀ። ቅርጫቱን በእጄ ይዤ ለመቆፈር ጎንበስ ስል ሞገድ ደርሶ ገለበጠኝ። ስነሳ ነጥቡን መልሼ አላገኘሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኩፕ ስመለከት መጀመሪያ የማየው ብየዳውን ነው፤ እጀታው ቅርጫቱን የሚይዝበት ቦታ ዙሪያውን በአንድ ወጥ መስመር ተበይዶ ካልሆነ አልገዛም።

ብረቱን በተመለከተ ብዙ አልፈላሰፍም። የማይዝግ የሚባለው ብረት የማይዝገው ውስጡ ያለው ክሮሚየም ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራለት ነው። ጨው ያንን ሽፋን እየበሳ ይገባል። 304 የሚባለው ዓይነት በየጊዜው በንጹሕ ውሃ ካጠቡት ለዓመታት ያገለግላል፤ 316 ደግሞ ሞሊብደነም ስላለበት ጨውን የበለጠ ይቋቋማል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከያዘው ብዙውን ጊዜ ዚንክ የተቀባ ተራ ብረት ወይም ርካሹ ስቴይንለስ ነው። አሉሚኒየም ለደረቅ አሸዋ ምንም አይልም፤ ባሕር ውስጥ ግን ይታጠፋል፣ ከስቴይንለስ ብሎን ጋር ተገናኝቶ ጨው ሲነካውም ብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ቲታኒየም ከስቴይንለስ ግማሽ ያህል ቢመዝን ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ዲቴክተር ሊያስገዛ ይቀርባል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ገንዘቡ አይጸጽትም እላለሁ።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ። እናቶቻችን ዱቄት የሚነፉበት ወንፊት ቀዳዳው ከጠበበ ሥራው ይዘገያል፣ ከሰፋ እንክርዳዱም አብሮ ይወርዳል። ስኩፕም እንዲሁ ነው። በብዛት የሚሸጡት 12 ወይም 16 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። የአሜሪካ ትንሿ ሳንቲም ዳይም ወርዷ 17.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሁለቱም አታመልጥም፤ የአዋቂ ቀለበትም አያመልጥም። የሚያመልጠው ሎቲ፣ የሕፃን ቀለበትና ቀጭን ሐብል ነው። ሰፊው ቀዳዳ ውሃ ውስጥ በሁለት ሦስት ውዝወዛ አሸዋውን ያራግፋል፤ ጠባቡ ላይ የዛጎል ስባሪ እየተሰነቀረ ጊዜ ይፈጃል። እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ደግሞ በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀረው ብረት ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይፈስሳል። እኔ ለውሃ ውስጥ 16ቱን፣ ለዳርቻው 12ቱን እይዛለሁ። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት።

ሐምሌ ነበር፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ ቤተሰብ በአማርኛ ስልክ ሳወራ ሰምተው ጠጋ አሉኝ። እናትየዋ ስልሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ባዶ አንገታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቀጭን የወርቅ ሐብል ከትንሽ መስቀል ጋር ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲቀመጡ ወልቆባቸዋል። «ልጄ፣ ዋጋው አይደለም፤ እናቴ በሠርጌ ቀን በእጇ ያሰረችልኝ ነው» አሉኝ። «እሺ እናቴ፣ የተቀመጡበትን ብቻ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ሐብል ለዲቴክተር ከባድ ነው። ቀለበት አንድ ወጥ ክብ ስለሆነ ይጮሃል፤ ሐብል ግን የተለያዩ ትንንሽ ዘለላዎች ስለሆነ ማሽኑ እንደ አንድ አካል አያየውም። የሚሰማው መቆለፊያው ወይም መስቀሉ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቀስ እያልኩ ስሄድ ደካማ ድምፅ አገኘሁ። ዛቅሁ። ጉድጓዱን እንደገና ስፈትሽ ዝም አለ፤ ስለዚህ ዕቃው ስኩፑ ውስጥ ገብቷል። ደስ ብሎኝ የሞገዱ ጫፍ ላይ ወዘወዝኩት። አሸዋው ሲያልቅ የቀረው ሁለት ዛጎልና ጠጠር ነበር። ሆዴ ባዶ ሆነ። በ16 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ሐብሉን ከነመስቀሉ አንጠባጥቤዋለሁ። ወደዚያው ቦታ ዲቴክተሩን መልሼ ሳዞር ያው ደካማ ድምፅ ተሰማኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስዝቅ አልወዘወዝኩም። ሙሉውን አሸዋ ተሸክሜ ደረቁ ላይ የዘረጉት ፎጣ ላይ ገለበጥኩትና በጣቴ እየዘረዘርኩ ፈለግሁ። መስቀሉ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ያነሰ ነበር። እናትየዋ ተቀብለው ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ ከዚያ እኔን ግንባሬን ሳሙኝ። ሐብል የሚፈልግ ሰው ስኩፑን እንደ አካፋ ብቻ ይጠቀምበት፤ ወንፊቱን ይርሳው።

ክብደቱን ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ ባዶውን አንስቶ ነው የሚገምተው። ወርዱ 15፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርጫት አራት ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል። እርጥብ አሸዋ በሊትር ሁለት ኪሎ ስለሚጠጋ አንድ ሙሉ ስኩፕ ከብረቱ ሌላ 8 ወይም 9 ኪሎ ነው። በአንድ ጠዋት 60 ጊዜ የሚዝቅ ሰው ግማሽ ቶን አነሳ ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ባሕሩ ራሱ ያግዛል፤ አሸዋው ተራግፎ እስኪያልቅ ስኩፑን ከውሃው ማውጣት አያስፈልግም። ዳርቻው ላይ ግን የሚያግዝ የለም። ለዚህ ነው የእግር መርገጫው ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ። በክንድ ሳይሆን በሰውነት ክብደት ወደ ታች ለመስደድ መርገጫው የጫማ ወርድ ያህል ሰፊ፣ ከቅርጫቱ አናት ላይ ጠንክሮ የተበየደ መሆን አለበት። እጀታው ሲቆም ከወገብ በላይ፣ ከደረት በታች ቢደርስ ጀርባ አይጎብጥም። እንጨት ሲሰበር በቀላሉ ይተካል፤ ካርቦን ፋይበር ቀላል ነው፣ መጋጠሚያው ውስጥ የገባ አሸዋ ግን እየፋቀ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ፈትቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

አፉስ? ጥርስ ያለው የተጋገረ አሸዋና ዛጎል ይሰብራል፤ ያገኘውን ነገር ግን ይቧጭራል። እዚህ ላይ ቦታው ይወስናል። አገር ቤት አዶላና አሶሳ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ገበቴ ሲያዞሩ የሚያውቁት ነገር ባሕር ውስጥም ይሠራል፤ ንጹሕ ወርቅ ከአሸዋው ቅንጣት ሰባት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ የጌጥ ወርቅ ከሌላ ብረት ጋር ስለሚቀላቀል ከዚያ ቢያንስም ከአሸዋው እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ሞገድ ባናወጠው ቁጥር ወደ ታች እየሰመጠ ሸክላ ወይም የዛጎል ንጣፍ ሲያገኝ ያርፋል። የዓሣ አጥማጆች እርሳስም እዚያው ያርፋል፤ እርሳስ በብዛት ካገኘሁ ደስ ይለኛል። ኦሽን ሲቲ ዳርቻው እንዳይሸረሸር በየአራት ዓመቱ ገደማ ከባሕር ውስጥ አዲስ አሸዋ ይደፋበታል። በዚያ ሰሞን ሁሉም ነገር ጥልቅ ነው፣ አሸዋው ግን ለስላሳ ነውና ሰፊ ቅርጫት ይበቃል። የክረምቱ ሰሜን ምሥራቅ ማዕበል ያንን ጠርጎ ጠንካራውን ንጣፍ ሲገልጠው ጥርስ ያለው ስኩፕ ቀኑ ይደርሳል። ደላዌር ውስጥ ኮይን ቢች በሚሉት ዳርቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ከሰመጠችው ፌይዝፉል ስቱዋርድ መርከብ የመዳብ ሳንቲሞች ከማዕበል በኋላ ሲወጡ ኖረዋል፤ ጨው የበላው መዳብ ላይ ጥርስ ማሳረፍ ነውር ነው፣ እዚያ ለስላሳ አፍ ያለውን ብቻ። እያንዳንዱ ቦታም ሕግ አለው። ከኦሽን ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ማዕበል የቆረጠው የውሃ መተላለፊያ ብቻ የሚለያት አሳቲግ ደሴት ላይ፣ ብሔራዊ ፓርኩ ባለበት፣ ዲቴክተር ይዞ መገኘት ራሱ ክልክል ነው፤ እኔም ወደዚያ ስሻገር ዕቃዬን ቤት ትቼ ነው።

ባለፈው ሰመር አንድ ወጣት ዳርቻው ላይ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ የትኛውን ስኩፕ ልግዛ?» አለኝ፤ ስልኩ ላይ አንድ ትልቅ ሰው የማያነሳው የሚመስል ግዙፍ ስኩፕ ከፍቶ ነበር። የእኔን ትልቁን ሰጠሁትና እርጥቡ አሸዋ ላይ አሥር ጊዜ ዝቀህ አሥር ጊዜ ገልብጥ አልኩት። በስድስተኛው እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ትንሹን ሰጠሁት፤ አሥሩን ጨረሰ፣ ሦስት ደግሞ ጨመረ። ልጆች ሮጠው እንዳይገቡበት አሥራ ዘጠኙን ጉድጓድ ሁሉ በእግራችን ደፍነን ወደ ውሃው ወረድን።