ሦስት ክር

በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የዞረባቸውን ሰዎች ከሩቅ መለየት ይቻላል። ፀሐይ ሲያገኛቸው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይስባሉ፣ እንባቸው አይደርቅም፤ አንዳንድ እናቶች አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አንጠልጥለዋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ፤ በሽታው ከሕፃናት ይዛመታልና፣ ሕፃን የሚያቅፈውም እናት ነው።

የዓይን ነርስ ነኝ። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች እየተዘዋወርኩ የተቀለበሰ የዓይን ቆብ እሰፋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ስለ መክሊት ሲነገር በአብዛኛው የሚነሳው መልካም ድምፅ ያለው ዘማሪ ወይም አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ ነው። ለእኔ የተሰጠኝ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ የማገለግለውም በእሱ ነው።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው። ቆቡ ይደነዝዛል፣ ይገለበጣል፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በውስጥ በኩል ይቀደዳል፤ ከዚያም ጠርዙ ወደ ውጭ እንዲዞር በሦስት ክር ይሰፋል። ችግሩ ያለው ዳር ዳሩ ላይ ነው። የቸኮለ እጅ መሃሉን አሳምሮ ዳሩን ያሳጥራል፤ ፀጉሩም በዚያው በኩል ተመልሶ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ክሩ ከላላ ቆቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከመጠን በላይ ከጠበቀም ጠርዙ ይሰረጉዳል፣ ዓይኑም በደንብ አይከደንም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቋጠሮ ሳላጠብቅ ቆም ብዬ የጠርዙን ቅርጽ አያለሁ፤ በዚያች ሰዓት ትንሽ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፣ ቁስሉ ሲሽር መልሶ ይስበዋልና።

በዚሁ በአማራ ክልል 1,000 ታካሚዎችን ያሳተፈ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችን አወዳድሮ ነበር። ቆቡን ከውጭ እስከ ውስጥ በሚቀደው አሠራር ፀጉሩ በዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 22 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከውስጥ ብቻ በሚቀደው 13 ከመቶ ገደማ ሆኑ። ይህን እያወቁ የለመዱትን ብቻ ይዞ መቀጠል ለእኔ ከኃጢአት ይቆጠራል። የጎደለ ስፌትን ጸሎት አይሞላውም።

ከደሴ በስተሰሜን፣ ሚስዮናውያን ያቋቋሙት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ሜዳው ግን ሌላም ትዝታ አለው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ከጠሩት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ተገደዱ። ኋላ ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤልም ከዚያ በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። እንዲህ ባለ ምድር ላይ በክርስቶስ ስም የሚያገለግል ሰው እጁን ከማንኛውም ውለታ ማንጻት አለበት ብዬ አምናለሁ። አልጋው ላይ የተኙት እናት ከእኔ የሚጠብቁት የተስተካከለ ቆብ ነው፤ በእሱ ላይ የምጨምረው ቅድመ ሁኔታ የለኝም። ማደንዘዣውን ስወጋ «አብሽሩ እማማ» እላቸዋለሁ። እሳቸው «ቢስሚላሂ» ሲሉ እኔ በልቤ «በስመ አብ» ብዬ ሥራ እንጀምራለን።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚናገሩት ስለ ማየት አይደለም። «መውጋቱን ተወኝ» ነው የሚሉት። ስፌቱ ሥቃዩን ያስቆማል፣ የቀረውንም ብርሃን ያድናል፤ ብሌኑ ላይ ጠባሳ ጥሎ የሄደውን ግን አይመልስም። ወረንጦም ለጥቂት ጊዜ ቢያሳርፍም የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል።

እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራችሁ እናታችሁን ገጠር የተዋችሁ ልጆች፦ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ የምትስብ፣ ወረንጦ ከአንገቷ የማይለይ እናት ካወቃችሁ፣ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም፣ ብርሃኗ ሳይጠፋ ደግፋችሁ ጤና ጣቢያ አድርሷት።