የጌታ ሥዕል፣ የባሪያ ፊርማ

የስፔኑ ሠዓሊ ዲዬጎ ቬላስኬዝ በ1650 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የሣለውን የኹዋን ደ ፓሬኻን መልክ ያየ ሁሉ «ክብር» የሚለውን ቃል ይደጋግማል። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ክብሩን ማን ለማን ሰጠ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ሥዕሉን እንመልከት። በሸራ ላይ የተሠራ የቅባት ቀለም ሥዕል ሲሆን ቁመቱ 81 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ሰውዬው ጠይም፣ ጸጉሩ ጥቁርና ከርዳዳ ነው፤ ዐይኖቹ በቀጥታ ያዩናል፤ እጁ በደረቱ ላይ ተሻግሮ ካባውን ይዟል። ባንገቱ ዙሪያ ነጭ የዳንቴል ኮሌታ አድርጓል፤ ክርኑ ላይ ግን እጅጌው ተቀዷል። ከኋላው ዕቃም መጋረጃም የለም። ስለዚህ ዐይናችን ከፊቱ የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። ኮሌታው ከቅርብ ሲታይ ዝብርቅርቅ ያለ የብሩሽ ጭረት ነው፤ ራቅ ሲሉ ዳንቴል ይሆናል። የቬላስኬዝ ጥበብ እዚህ ላይ ነው።

ሥዕሉ በዚያው ዓመት ማርች 19 ቀን ፓንቴዮን በተባለው ጥንታዊ ሕንፃ ለሕዝብ ቀርቦ እጅግ ተደነቀ። በዚያ ቀን ግን ፓሬኻ የሠዓሊው ባሪያ ነበር! ቬላስኬዝ የነፃነቱን ወረቀት የፈረመለት ኖቬምበር 23 ቀን ነው፤ እሱም ቢሆን ሳይኮበልልና ወንጀል ሳይሠራ አራት ዓመት እንዲያገለግል የሚያስገድድ ነበር። ሸራው ላይ ወዲያው የተሰጠው ክብር በወረቀት ላይ ቀጠሮ ተቆረጠለት።

አንቶኒዮ ፓሎሚኖ በ1724 ያሳተመው ታሪክ ሌላ ነው። ፓሬኻ ተደብቆ የሣለውን ሥዕል ንጉሥ ፊሊጶስ 4ኛ አይተው በችሎታው ተደንቀው ነፃ አስወጡት ይላል። የነፃነቱ ሰነድ በ1983 ታትሞ ሲወጣ ተረቱ ፈረሰ። እኛም አናዝንለትም። ነፃነት የተሰጥኦ ሽልማት ከሆነ፣ መሣል የማይችለው ባሪያ ምን ሊሆን ነው?

የፓሬኻን የራሱን መልስ የምናገኘው በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ባለው «የማቴዎስ መጠራት» በተሰኘው የ1661 ሥዕሉ ነው። በግራው ጠርዝ ራሱ ቆሟል፤ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት በእጁ ይዟል። በጥበብ ሚዛን የጌታው ሥዕል ይበልጣል፤ ይህን ለመናገር አናመነታም። የፓሬኻ ሸራ በሰውና በዕቃ የታጨቀ ነው። ከዚህም በላይ ራሱን ቬላስኬዝ ከሣለው ይልቅ ነጣ አድርጎ ሥሏል፤ ይህን ስናይ ነፃ የወጣ ሰው ሁሉ ከሰው ዐይን ነፃ እንዳልወጣ እንረዳለን። ሆኖም እዚህ ላይ ብሩሹም፣ ፊቱም፣ ፊርማውም የአንድ ሰው ናቸው።

የሮሙ መልክ በ1970 ለንደን ውስጥ በጨረታ 2,310,000 ፓውንድ ተሽጦ ዛሬ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ይኸው ሙዚየም በ2023 ስለ ፓሬኻ ሠዓሊነት ዐውደ ርእይ አሳይቷል። የቬላስኬዝን ሥዕል እናደንቃለን፤ ይሁን እንጂ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ሰውዬውን በሙሉ ማወቅ የሚሻ፣ የሮሙን ካየ በኋላ የማድሪዱንም ይይ። ከዚያ በኋላ አንባቢ ይፍረድ።